አንዲት የፈረንሳይኛ ቃል ለማስተማር ሙስካት ድረስ

ሙስካትን ለማየት የሄድኩ የሚመስለው አንባቢ ካለ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ትልቁን መስጊድም ሆነ የሱልጣኑን ቤተ መንግሥት ያየሁት በመኪና መስኮት ነው። የሄድኩት የእህቴን ልጅ ሐናን ፈረንሳይኛ ለማስተማር ነበር። ይህን ለድሬዳዋ ጎረቤቶቼ ስነግራቸው «ፈረንሳይኛ ለማስተማር ዓረብ አገር?» ብለው ሳቁብኝ። እኔ ደግሞ ሲሳቅብኝ ይብስብኛል፤ ያኔውኑ ሻንጣዬን ከቁም ሳጥን ላይ አወረድኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዕድሜዬን ግማሽ ያህል የሠራሁት ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ፣ ትኬት መቁረጫ መስኮት ላይ ነው። ፈረንሳይኛን ከሚሲዮን መነኮሳት ጀምሬ ከባቡር አለቆቼ ጨረስኩት። ሐና እናቷ ከሞተች ወዲህ በእኔ እጅ ያደገች ልጅ ናት። ኦማን ሄዳ ቦሻር በሚባል የቪላ ሰፈር ሦስት ዓመት የቤት ሠራተኛ ሆነች፤ ከዚያ ወጥታ ሙስካት ውስጥ አንድ ሆቴል ዕቃ አጣቢ ሆና ተቀጠረች። በስልክ ምን ጊዜም የምትለኝ «ደህና ነኝ እትዬ» ነው፤ ከዚያ አልፋ አታውቅም። በዚያ ሰሞን ግን ራሷ ደወለች። ሆቴሉ የዕቃ አጠባውን ሥራ ለሌላ ድርጅት ሊሰጥ ነው። ለእሷ የተረፈ አንድ ቦታ ብቻ አለ፤ ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ቆሞ፣ ሼፉ የሚጠራውን ትዕዛዝ ተቀብሎ ለየምድጃው ማከፋፈል። ሼፉ ፈረንሳዊ ነው። በወሩ የመጨረሻ አርብ፣ በምሳ ሰዓት ይፈትናታል። ካላለፈች የመኖሪያ ፈቃዷ ከሆቴሉ ጋር ያበቃል፤ የሚጠብቃት እንደገና ሰው ቤት መግባት ነው።

«ሰው ቤት ተመልሼ አልገባም» አለችና ድምፅዋ ጠፋ። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» ስል ቆየሁ። ለካ እዚያው ናት።

«እመጣለሁ» አልኳት። እኔ ካልኩ አልኩ ነው።

ቪዛውን ያወጣችልኝ የሐና ክፍል ተጋሪ የሆነችው ዘይነባ የምትሠራበት የሴቶች ፀጉር ቤት ባለቤት ናት፤ አይታኝ የማታውቅ ኦማናዊት። እኔ የማላውቀውን ሰው ቤቴ ለማሳደር ሦስት ጊዜ አስባለሁ። እሷ አንድ ጊዜም ያሰበች አይመስለኝም።

አርብ ጠዋት ከድሬዳዋ በአውቶቡስ ተነሳሁ። ባቡሩ በዚያ ዘመን ሲፈልግ ይሄዳል፣ ሳይፈልግ ይተኛል፤ የባቡር ሰው ሆኜ በአውቶቡስ መሄዴ አበሳጨኝ። የደንገጎን ዳገት ስንወጣ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ አስመለሳት፤ ለመንገድ የያዝኩት ሎሚ ሁሉ ለእሷ አለቀ። አሰበ ተፈሪ ላይ ምሳ በልተን አመሻሹ ላይ አዲስ አበባ ስንገባ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ዘለቀ። ዘመድ ቤት ሁለት ጋቢ ደርቤ አደርኩ።

ቅዳሜን በመጠበቅ አሳልፌ ማታ ተሳፈርኩ። አውሮፕላኑ ውስጥ በዕድሜ የገፋሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌላው ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ልጃገረድ። ቀበቶ ማሰር ያቃታት አጠገቤ ነበረች። አሰርኩላት። ስሟን ስጠይቃት በከንፈሯ ብቻ ነገረችኝ፤ የሞተሩ ድምፅ ዋጠው። ዱባይ ላይ አውሮፕላን ስንቀይር ተለያየን፤ ስሟን ሳልሰማው ቀረሁ።

እሁድ ጠዋት ሲብ አውሮፕላን ማረፊያ ደረስኩ። ነጭ ቀሚስ የለበሰ፣ ራሱ ላይ በጥልፍ ያጌጠ ቆብ የደፋ ወጣት ፓስፖርቴን እያየ በእንግሊዝኛ «ኦማን ሲመጡ የመጀመሪያዎ ነው?» አለኝ። እኔም እንደማንኛችንም ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ «እ» አልኩ። ልጁ ከወንበሩ ተነሳ። «ማዳም፣ አመመዎት?» አለና ውኃ ሊያመጣ ሮጠ። አላመመኝም ለማለት አፈርኩና ውኃውን ሙሉውን ጠጣሁት። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ በአዘኔታ ያየኛል።

ሐና በር ላይ ጠበቀችኝ። ከስታለች። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ቀና አድርጌ አቀፍኳት። ከዚያ ከበሩ ወጣን። እኔ በድሬዳዋ ሙቀት የምኮራ ሰው ነበርኩ፤ አዲስ አበቦች ሲያማርሩ እስቅባቸዋለሁ። የሲብ ሙቀት ግን እንደ እርጥብ ልብስ ተጠመጠመብኝ። መነጽሬ በላቦት ተሸፍኖ በሐና ክንድ እየተመራሁ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

የሐና ክፍል ዋዲ ከቢር ነው። ዋዲ ማለት እንደኛ ደቻቱ ያለ ደረቅ ወንዝ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ብቻ ወንዝ መሆኑን ያስታውሳል። ሰፈሩ ጋራዥ በጋራዥ ነው፤ መዶሻ፣ የብየዳ ብልጭታ፣ የተቃጠለ ዘይት። ሐና አፍራ «እትዬ፣ ሰፈሩ ትንሽ ይረብሻል» አለችኝ። እኔን ግን የባቡሩን ወርክሾፕ አስታወሰኝና ቤቴ የገባሁ መሰለኝ።

ዘይነባ የከሚሴ ልጅ ናት፤ ሳቂታ፣ አፈ ፈጣን። አልጋዋን ለቀቀችልኝ። እምቢ ስል «ወላሂ እትዬ፣ እኔ ወለል ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም» ብላ ማለች። ሐና በኋላ እንደነገረችኝ ዘይነባ ወለል ላይ ተኝታ አታውቅም። በየቀኑ ስትነሳ ወገቧን ስትይዝ እያየሁ ያላየሁ መሰልኩ።

ሰኞ ትምህርት ጀመርን። «እስቲ ሼፉ ምን በይ ይልሻል?» አልኳት።

«‹ሳ ማርሽ› በይ ይለኛል» አለች፤ ለጆሮዬ የደረሰው በጭንቅ ነው።

ቃሏን አውቃታለሁ፤ ክብሯ ግን ብዙ አይደለም። ቃል በቃል «ይሄዳል» ማለት ናት። ወርክሾፕ ውስጥ የተበላሸ ሎኮሞቲቭ ተጠግኖ ሲነሳ መካኒኮቹ «ሳ ማርሽ!» ይላሉ፤ ይሠራል፣ ተነሳ ማለታቸው ነው። ነገ በጠዋት እንገናኝ ብትሉት ደግሞ ፈረንሳዩ «ሳ ማርሽ» ይላችኋል፤ እሺ፣ ይሁን፣ ተስማማን። በጓደኛና በሥራ ባልደረባ መካከል ያምርባታል። ለጳጳስ ወይም ለዳኛ ግን አትባልም፤ መነኮሳቱ ቢሰሙኝ ኖሮ አፌን በሳሙና ያጥቡኝ ነበር።

ዘይነባ ከወለሉ ላይ «ማርሽ የመኪና አይደል እንዴ?» አለች።

«ሩቅ አልሄድሽም» አልኳትና ሁላችንም ሳቅን።

እኔ ግን ለአለቃ የሚገባው ንግግር ሌላ ነው ብዬ ወሰንኩ። «ቢያን፣ ሙሴ» በይው አልኳት፤ መልካም ጌታዬ እንደማለት። ከሥራ ስትመለስ ጀምሬ እስከ እኩለ ሌሊት አስጠናኋት። የሳህኑን፣ የዓሣውን፣ የሾርባውን ስም ሁሉ በወጉ አስያዝኳት፤ ልጅቱ ብልህ ናት፣ ሳትሳሳት ትመልሳለች። አፏን ብቻ ትንሽ ከፈት ብታደርግ እያልኩ ጆሮዬን ወደ እሷ አስጠጋ ነበር። ያረጀሁት እኔ መስሎኝ።

ማክሰኞ ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ጠፋሁ። መንገዱ ሁሉ ጎማ ነው፤ አንዱን የጎማ ክምር ምልክት አድርጌ ብሄድ ስመለስ ተሸጧል። አንድ ህንዳዊ መካኒክ ግራ መጋባቴን አይቶ እጁን በጨርቅ ጠራርጎ፣ ከሚጠግነው መኪና ባለቤት ጩኸት እያመለጠ፣ እስከ በራችን አደረሰኝ። ዳቦውንም ተሸከመልኝ፤ የጥቁር ዘይት አሻራ ያለበት ዳቦ በላን።

ሐና ከሥራ ስትመለስ ፊቷ ጠቁሯል። «ቢያን ሙሴ» ስትለው ሼፉ ሳቀ። ከዚያ ግን ሳቁን አቁሞ «አርብ እንዲህ ከሆነ አይሆንም» አላት።

«ምኑ ነው የማይሆነው?»

«አትመልሺልኝም ይላል። እኔ ግን ሁልጊዜ እመልሳለሁ እትዬ!»

በዚህ ጊዜ ተናደድኩ። ልጄ አትዋሽም። ፈረንሳዩ ነው ቀልደኛው አልኩ። «ነገ ራሴ መጥቼ አየዋለሁ» አልኳት፤ ብትለምነኝም አልሰማኋትም።

ረቡዕ ከዘይነባ ሻሽ ተውሼ ሆቴሉ ሄድኩ። የሠራተኛ ዘመድ ስለሆንኩ ከአንድ ጥግ አስቀምጠው ሻይ ሰጡኝ። ወጥ ቤቱ በትልቅ መስኮት ለተመጋቢው ይታያል፤ የእኛ አገር ሆቴል ይህን ቢሞክር ጢሱ ብቻ ሰው ያባርራል። ሼፉ ረጅም፣ ፊቱ የቀላ ሰው ነው። ሐናን ለልምምድ መስኮቱ ላይ አቁሟታል። ወረቀት አንስቶ «ሁለት ዓሣ!» ብሎ ጮኸ።

ሐና ዓይኗን ዝቅ አድርጋ፣ ትንፋሿን ሳብ አድርጋ «እ» አለች።

«ሁለት ዓሣ!» ደገመ ሰውየው።

አሁንም «እ»። ሦስተኛ ሲጮህ ከምድጃው ዘንድ ያለው ወጥ ሠሪ ሌላ ትዕዛዝ መስሎት ተጨማሪ ሁለት ዓሣ መጥበሻ ላይ ጣለ። ሼፉ እጁን ወደ ጣሪያው ዘረጋ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ዓሣው ይንጫጫል፣ የጢስ መሳቢያው ያገሣል፣ ሳህን ይጋጫል። በዚያ አዳራሽ ሙሉ ሰው ውስጥ የሐናን መልስ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ የሰማሁትም በጆሮዬ አይመስለኝም፣ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ሲል አይቼ ነው። ውኃ ያመጣልኝ የአውሮፕላን ማረፊያው ልጅም ትዝ አለኝ።

ሼፉ አክስቷ መሆኔን ሰምቶ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። የማውቀውን ምርጥ ፈረንሳይኛ አውጥቼ ሰላም አልኩት። ፊቱ በራ። «ማዳም፣ የሞተችው ሴት አያቴ እንዲህ ነበር የምትናገረው» አለኝ። ማመስገኑ ይሁን መቀለዱ አልገባኝም፤ እንደ ምስጋና ወሰድኩት።

«ልጅቱ ጎበዝ ናት፤ ትዕዛዝ አትረሳም፣ አታምታታም» አለኝ። «ግን ትፈራኛለች። በጠራኋት ቁጥር እሳት እንደነካት ሰው ክው ትላለች።»

«አልፈራችህም። ‹እሺ› እያለችህ ነው። እኛ አገር እንዲህ ነው የሚባለው።»

አመነኝ። እኔም ሳላስበው ትንፋሼን ሳብ ሳደርግ አየኝና ጣቱን ቀስሮ ሳቀ። ከዚያ ግን ራሱን ነቀነቀ። «እዚህ ወጥ ቤት ውስጥ ትንፋሽ አይሰማም። ‹ሳ ማርሽ› ካለችኝ ደርሷታል፣ እሳት ላይ ነው ብዬ ወደ ሌላው እዞራለሁ። ካልሰማኋት እዚህ የለችም ማለት ነው። አርብ መቶ ሰው ይመጣል ማዳም። ላዝንላት አልችልም።»

ልጣላው ነበር የመጣሁት፤ የምጣላበት ምክንያት ጠፋብኝ። ቃሏን እኔ ብንቅ ሰውየው ግን ሥራውን የሚያሠራው በእሷ ነው። ከዚያ ወዲህ «ቢያን ሙሴ»ን ከአፌ አላወጣሁም።

ሐሙስ የሐና ዕረፍት ነበር። በክፍላችን ማስጮህ አልቻልኩም፤ ጎረቤቶቹ ግድግዳ ይደበድባሉ። ዘይነባ «ሲዳብ ውሰጃት እትዬ፤ ባሕሩ ራሱ ስለሚጮህ ማንም አይሰማችሁም» አለችኝ። ሲዳብ ከአሮጌው ሙስካት አልፎ በድንጋይ ተራሮች መሐል የተሸጎጠ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። ተራሮቹ አንዲት ዛፍ እንኳ የላቸውም፤ እኛ አገር እንዲህ የተራቆተ ተራራ ሲታይ ያስለቅሳል፣ እነሱ ቤታቸውን ነጭ ቀብተው ከሥሩ ይኮራሉ።

ሐናን አሸዋው ላይ አቁሜ እኔ ጀልባዎቹ ዘንድ ሄድኩ። «ሁለት ዓሣ!» ብዬ ጮኽኩ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ምንም አልመጣም። «ሁለት ሾርባ!» አሁንም ምንም። ፀሐዩ አናቴን ይቀቅላል። ጫማዬን የባሕሩ ውኃ ወስዶት ኖሯል፤ አንዱን ብቻ አገኘሁት።

መረብ የሚጠግን ሽማግሌ ሲያየን ቆይቶ ኖሮ «ሽፊ?» አለ፤ ምንድነው ነገሩ ማለቱ ነው። ሐና በዓረብኛ አስረዳችው። አንገቱን አስግጎ ሰማትና «ማፊ ሶት!» አለ፤ ድምፅ የለሽም! መረቡን ጥሎ ተነሳ። አንድ እግሯ ባዶ የሆነ ባልቴት ስትደክም ማየቱ አሳዝኖት ይመስለኛል፤ እኔን ጀልባው ጥላ ሥር አስቀምጦ ጫማውን አወለቀልኝ። ከዚያ ውኃው እስከ ጉልበቱ እስኪደርስ ገብቶ ወደ ሐና ዞረና የዓሣዎቹን ስም ይጠራባት ጀመር።

«ከነዓድ!»

«ሳ ማርሽ» አለች፤ ለራሷ።

«ማፊ! ከነዓድ!»

«እትዬ፣ እንዴት አድርጌ ሽማግሌ ላይ እጮሃለሁ?» አለችኝ፤ እንባዋ ቀርቧል።

«ለእሱ ነው የምትመልሺው፤ እሱ ላይ አይደለም የምትጮኺው» አልኳት። «ደግሞ የተቆጣው አንቺ ዝም ስትዪ ነው። ያላ!»

ሽማግሌው ጠራ፤ እሷ መለሰች። ጠራ፤ መለሰች። ቁጥሩን አላውቀውም፤ ጥላው ከጀልባው ወዲያ እስኪዞር ድረስ። ሕፃናት ተሰብስበው ከሽማግሌው ጋር «ሳ ማርሽ!» ማለት ጀመሩ። በመጨረሻ ሐና ዓይኗን ጨፍና፣ ሁለት እጇን ጨብጣ፣ «ሳ ማርሽ!» ብላ ስትጮህ ተራራው መልሶ አስተጋባው። ሽማግሌው ሁለት እጁን አነሳ። «ኻላስ!» አለ፤ በቃ ማለቱ ነው።

ሐና አሸዋው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። «ያቺ ቪላ ውስጥ ሦስት ዓመት ድምፄን አልሰማሁትም» አለችኝ። ትቀጥላለች ብዬ ጠበቅሁ። አሸዋውን ከቀሚሷ አራገፈች፤ እኔም አልጠየቅኋት።

ሽማግሌው አንድ ትልቅ ከነዓድ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠን። ጫማውን ልመልስ ስል በፍጹም አለ። ዓሣውን ዘይነባ ከአገር ባመጣሁት በርበሬ ጠበሰችው፤ እያሳለንና እንባችን እየወረደ እስከ አጥንቱ ጨረስነው።

አርብ ሐና በጠዋት ወጣች። ምንም አልበላችም። እኔ ቤት ተቀምጬ መጠበቅ ስላልቻልኩ ተከተልኩና በሆቴሉ ጀርባ፣ የወጥ ቤቱ ጢስ መሳቢያ በሚተነፍስበት በር አጠገብ ቆምኩ። ዘበኛው «ማማ፣ እዚህ መቆም ማፊ» አለኝ። ልጄ እየተፈተነች ነው አልኩት፤ በየትኛው ቋንቋ እንዳልኩት አላስታውስም። ገብቶ ወንበር ይዞልኝ መጣና እሱም አጠገቤ ቆሞ ያዳምጥ ጀመር።

የሼፉ ድምፅ ይሰማል። «ሦስት ዓሣ!» ከዚያ ዝምታ። «ሦስት ዓሣ!»

«ሳ ማርሽ!»

የእኔ ልጅ ናት። የዘበኛውን ክንድ ሳልይዘው አልቀረሁም። ከዚያ በኋላ ተከታተለ፤ እሱ ይጠራል፣ እሷ ትመልሳለች፣ ሳህን ይወጣል። ሥራው እየበዛ ሲሄድ የሰውየው ድምፅ ሲጎላ የእሷም አብሮ ከፍ ይላል። መሐል ላይ «ለሰባተኛ ጠረጴዛ አራት ሾርባ!» አለ።

«ኖን፣ ሼፍ!» አለች ሐና። «ሰባተኛ ወስዷል! ዘጠነኛ ነው!»

አለቀላት አልኩ በልቤ። ማን አስተማራት? እኔ «ኖን» በይ አላልኳትም። መሳቢያው ብቻ ያገሣል። ዘበኛው እንኳ አፉን ይዟል።

«ዘጠነኛ!» አለ ሼፉ። «ሳ ማርሽ፣ ሐና!»

በምሳው ማብቂያ ላይ ሐና በበሩ ወጣች፤ አዲስ ነጭ የወጥ ቤት ልብስ አልብሰዋታል፣ እጅጌው ጣቷን አልፏል። «ቀጠረኝ» አለችኝ። ዘበኛው ከእኔ ቀድሞ እልል ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም፣ እኔ አሳየሁት።

ቅዳሜ ወደ አገሬ መመለሻዬ ነበር። ሐና አስፈቅዳ ሲብ ድረስ ሸኘችኝ። ሻንጣዬን አስረክቤ ከመግቢያው ፊት ለፊት ተቀመጥን። እኔ እንደ ልማዴ መምከር ጀመርኩ፤ ብይ፣ ተኚ፣ ለሼፉ «ኖን» ስትዪ በልክ፣ አገር ቤት ቶሎ ቶሎ ደውዪ።

«እትዬ» አለች። «አንዴ ያዳምጡኝ።»

ከፊታችን የተቀመጡት ሰዎች ዞር አሉ፤ እንደዚያ ጮክ ብላ ነው የተናገረችው። ከዚያ ስለ ቦሻሩ ቤት ነገረችኝ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ። ምን እንዳለችኝ እዚህ አልጽፍም፤ የእሷ ነው፤ ለሌላ ሰው የሚነገር ከሆነ ራሷ ትናገረዋለች። እኔ በስልክ «ደህና ነኝ» ስትለኝ እሰይ ብዬ የዘጋሁት ቀን ሁሉ ምን ቀን እንደነበረ አሁን አውቃለሁ። አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ ድምፅዋንም አንድ ጊዜም አልቀነሰችም።

በድምፅ ማጉያው የበረራዬ ጥሪ ተሰማ። ጥቂት ቆይቶ ስሜ ተጠራ። ሐናም ሰምታው ንግግሯን አቋርጣ አየችኝ።

«ቀጥዪ» አልኳት።

አውሮፕላኑ ያለ እኔ ሄደ።